ያልተነካው ምዕራፍ ስድስት

የቅየሳ መምህሩን በስሙ የሚጠራ ሰው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቢፈለግ የሰው ኃይል ቢሮ ብቻ ነው የሚገኘው። ለሌላው ሁሉ «የለም ጥሩ» ነው። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከየት እንደመጣ ግን እንኳን ተማሪው የበሩ ጥበቃም ያውቃል። መምህሩ አንድ ነገር አስረድቶ ሲጨርስ፣ ፊቱን እንኳ ወደ ተማሪ ሳያዞር፣ ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን እያጠፋ፣ «ጥያቄ አለ? የለም። ጥሩ!» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ነው። በጥያቄውና በመልሱ መሀል ዝንብ አታልፍም። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «ጥያቃለየለምጥሩ» እያሉ ያስመስሉታል። ካፌ ገብተው ሻይ ሲያዝዙ ራሱ፣ «ስኳር አለ? የለም። ጥሩ!» ነው ጨዋታቸው።

እሱም ሰምቷል። አልከፋውም። እንዲያውም ለሚስቱ፣ «ቅጽል ስም ያልወጣለት መምህር ቆሞ ሄደ እንጂ አስተማረ አይባልም» ብሎ እየሳቀ ነግሯታል።

ሃያ አራት ዓመት አስተምሯል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር የበሳው ትርፍ ቀዳዳ ያለው፣ የኮቱ ቀኝ እጅጌ ከጠመኔ ብዛት ነጣ ያለ ሰው ነው። ሰዓት ያከብራል። ታምሞ እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ያስተማረውን በየቀኑ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ምዕራፉን፣ ገጹን። ለዘመድ አያዳላም። ይሄን የመጨረሻውን ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ስለሚፈልግ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ቀን፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ሳይጽፍ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያቺን ታሪኩን ያወራል።

«ስሙ!» ይላል፤ እዚህ ላይ ድምፁ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ ወፈር ይላል። «እዚህ ክፍል ውስጥ ዘመድ የለኝም። የእህቴ ልጅ፣ እጄ ላይ ያደገች ልጅ፣ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጣ ተምራለች። ፈተንኳት፣ ወደቀች። ደግማ ወሰደች፣ ደግማ ወደቀች። ደብተር አቅፋ ልትለምነኝ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ምን አልኳት? ‹እዚህ ቤት ዝምድና አይሰራም!› በሩን ጠረቀምኩት። የገዛ እህቴን ልጅ እንዲህ ያደረግኩ ሰውዬ፣ እናንተን ምን የማደርጋችሁ ይመስላችኋል?»

ክፍሉ ጸጥ ይላል። እሱ ደስ ይለዋል። ከዚያ ጠመኔውን ያነሳል።

ልጅቷ ታዲያ ሩቅ አልሄደችም። አንድ ኮርስ ሁለቴ የወደቀ ተማሪ ይባረራል የሚል ሕግ ስላለ፣ ልትመረቅ አንድ ሴሚስተር ሲቀራት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ጥቂት ወር ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ከግቢው ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከፀጉር ቤቱና ከጫማ መጠገኛው መሀል፣ በጠባቧ ክፍል ፎቶኮፒ ቤት ከፈተች። ሁለት ማሽን፣ አንድ የጥራዝ መብሻ፣ አንድ የምትወዛወዝ ወንበር። ጣቶቿ ከማሽኑ ቀለም፣ ከቶነሩ፣ የተነሳ ሁሌም ጥቁር ስለሆኑ ተማሪዎቹ «እመት ቶነር» ይሏታል። ይሄው ስምንት ዓመቷ ነው። የአጎቷን ሃንድአውት እየባዛች የምታድለው ራሷ ናት።

እሱ ጠዋት ጠዋት በደጇ ያልፋል። «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?» ይላል። እሷ «ደህና፣ ጋሼ፣ እርስዎ...» ስትል እሱ ጫማ መጠገኛው ጋ ደርሷል።

የልጅቷ እናት ግን እንደ ልጇ አይደለችም። ይቺ እህቱ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጇ ሻንጣ ይዛ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እህትየዋ ወንድሟን «አንተ» ማለት ተወች። አልጮኸች፣ አልተራገመች፣ አላኮረፈች። «ደህና ዋሉ መምህር? ግቡ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይጠጣሉ?» በቃ። ያዘለችው ልጅ «እርስዎ» ሆነ! የመጀመሪያው ቀን ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ሁለተኛው ቀን፣ «ኧረ እህቴ፣ ምን ነካሽ?» አላት። «ምን አጠፋሁ መምህር?» አለችው። ያልፋል ብሎ ጠበቀ። ስምንት ዓመት ጠበቀ። ሰው ሲጠይቀው፣ «ሐቀኛ መሆን ዋጋ ያስከፍላል» ይላል፤ እሱን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ቀና ይላል።

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ታዲያ ዩኒቨርሲቲው አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ። የማስተማር ክህሎት ስልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያላመጣ መምህር ክፍል አይመደብለትም የሚል። የለም ጥሩ ደሙ ፈላ።

«ሃያ አራት ዓመት ምን ስሰራ ነበር ታዲያ? ችግኝ ሳጠጣ ነው?» አለ።

ግን ሄደ። ያ ቀርቶ የማያውቅ እግሩ ስልጠናም ላይ አልቀረም። አዳራሹ ውስጥ አርባ መምህር በክብ በክብ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ ተለጣፊ ወረቀት ተከምሯል። አሰልጣኟ ነጭ ስኒከር ያደረገች፣ በዕድሜ ልጁን የምታክል ሴት ናት። እሱ ወዲያው «ባለስኒከሯ» አላት። አጠገቡ የተቀመጠው የኬሚስትሪ መምህር፣

«ወንድሜ፣ ሮዝ ነው የምትፈልገው አረንጓዴ?» አለው፣ ወረቀቱን እያቀበለ።

«መቀስና ሙጫስ የለም? አክሊል እንሰራ ነበር።»

ሁለቱ አፋቸውን ይዘው ሲንፈቀፈቁ ባለስኒከሯ አየቻቸው። ወንበር ስባ አጠገባቸው ቁጭ አለች። እንዲህ ዓይነቷ ሴት ታስፈራለች።

በሁለተኛው ቀን ሁሉም መምህር የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱን ለአምስት ደቂቃ እንዲያቀርብና በቪዲዮ እንዲቀረጽ ተደረገ። የለም ጥሩ ተራው ሲደርስ ምን ያቅርብ? ያቺኑ ታሪኩን ነዋ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ በሩን እስኪጠረቅም ድረስ አወራ። ሲጨርስ ዞሮ የሌለ ጽሑፍ ከሰሌዳው ላይ እያጠፋ፣ «ጥያቄ አለ? የለም። ጥሩ!» አለ። አርባው መምህር በሳቅ ፈነዳ።

ቪዲዮው መልሶ ሲታይ ግን እሱ ራሱ አልሳቀም። እሱ ፊቱን አዙሮ ሰሌዳ ሲያጠፋ፣ ከበስተኋላው የፋርማሲ መምህሯ እጇን አውጥታለች። ክርኗ እንኳ ሳይዘረጋ «የለም» ተብሏል። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ ይታያል።

«ግማሽ ሰከንድ» አለች ባለስኒከሯ፣ ስልኳ ላይ ሰዓት ይዛ። «ሰው ጥያቄ ለማሰብ ሦስት አራት ሰከንድ ይፈልጋል። ለመድፈር ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ለመሆኑ መምህር፣ ልጅቷ ቢሮ መጥታ ምን አለችዎት?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«የእህትዎ ልጅ።»

«ምን ትላለች? ነጥብ ይጨምሩልኝ ነዋ!»

«እንደዚያ አለች?»

«ሳትል ገባኝ።»

ባለስኒከሯ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደሚቀጥለው መምህር አለፈች። ኬሚስቱ «ምን አገባት?» ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ጫማው ውስጥ እንደገባበት ሰው ሆኖ ዋለ።

በማግስቱ ኮርስ ማቀድ ነበር። ባለስኒከሯ ሁሉንም መምህር ያለፈ ዓመት ፈተናና የክፍል መዝገብ አምጡ ብላ ነበር። ሌላው መዝገብ ስለሌለው በልቡ ያስታውሳል፤ የለም ጥሩ ግን በጥራዝ በጥራዝ፣ በቀለም በቀለም ይዞ ከተፍ። ኩራቱ እኮ ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሰጠቻቸው። በግራ ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን መስራት መቻል አለበት፤ በመሀል ለዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት ምን ሰራ፤ በቀኝ በፈተና የተጠየቀው ከስንት ነጥብ ነው። ከቀኝ ጀምሩ አለች።

እሱ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አየች።

«የእርስዎ ተማሪ ሲጨርስ ምን መቻል አለበት?»

«መሬት ለክቶ ካርታ ማውጣት።»

«ካርታ ለማውጣት የትኛው ምዕራፍ ነው ወሳኙ?»

«ስድስት ነዋ!» እዚህ ላይ ሞቅ አለው። «መሬት ስትለኪ ከአንድ ችካል ትነሻለሽ፣ ዙሪያውን ዞረሽ እዚያው ችካል ላይ ትመለሻለሽ። ወረቀት ላይ ስታሰፍሪው ግን አይገጥምም። ምንም ብትጠነቀቂ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ያንን ክፍተት ለእያንዳንዱ መስመር እንደየድርሻው ማከፋፈል አለ፤ እሱ ነው ምዕራፍ ስድስት። እሱን የማያውቅ ቀያሽ አይባልም፤ ሜትር ያዥ ነው። ለዚህ ነው አርባ ነጥብ የሰጠሁት።»

«አርባ ከመቶ። ክፍል ውስጥስ ስንት ሰዓት?»

መዝገቡን ገለጠ። ምዕራፍ አንድ፣ የመለኪያ ታሪክ፣ በገመድ፣ በሰንሰለት፣ በእርምጃ፤ ሦስት ሳምንት ተኩል። ይሄን ክፍል ይወደዋል፣ ቀልዶቹ በሙሉ እዚያ ነው ያሉት። ምዕራፍ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት። እያለ እያለ አስራ አራተኛው ሳምንት ደረሰ። በራሱ የተዋበ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ምዕራፍ ስድስት፣ ጊዜ ስላልበቃ በራሳችሁ አንብቡ ተብሏል።»

«ባለፈው ዓመት የተማሪ አመጽ... ስብሰባ ነገር ነበረ» አለ።

«ካቻምናስ?»

የካቻምናውን ገለጠ። «ምዕራፍ ስድስት፣ በራሳችሁ አንብቡ።» ከዚያ በፊት የነበረውን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ባለስኒከሯ አልጠየቀችውም። ራሱ ነው መግለጥ ማቆም ያቃተው።

ቤቱ ሲደርስ ኮቱን ሳያወልቅ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አወረደ። ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ፣

«ምነው፣ ደግሞ ምን ጠፋህ?» አለችው።

«አልጠፋም። አለ። ሁሉም አለ።»

ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሃያ አራቱንም መዝገብ ዘረጋ። አንድም ዓመት፣ አንድም ሴሚስተር ምዕራፍ ስድስትን አስተምሮ አያውቅም። አስተምሬዋለሁ ብሎ ግን ይምላል! በልቡ አስተምሮታል። ሃንድአውቱ ላይ ስላለ፣ ፈተናው ላይ ስላለ፣ እሱ ራሱ አብጠርጥሮ ስለሚያውቀው ያስተማረው መስሎታል። በካርቶኑ ግርጌ ደግሞ ለብቻው በፖስታ የተቀመጠ ነገር አለ፤ የእህቱ ልጅ ሁለት የፈተና ወረቀቶች። ማንም አዳልቷል እንዳይለው ማስረጃ ብሎ ነበር ያስቀመጣቸው። ማለፊያው ሃምሳ ነው። የመጀመሪያው አርባ ሰባት፣ ሁለተኛው አርባ ስምንት። ከአንድ እስከ አራት ያሉትን ጥያቄዎች እንደ ውሃ ጠጥታቸዋለች፤ ከስልሳው ነው አርባ ሰባቱ። ቁጥር አምስት፣ የምዕራፍ ስድስቱ፣ በሁለቱም ወረቀት ባዶ ነው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ቆይታ፣ «ምንድነው እሱ?» አለች።

«ምንም አይደል። እኔ ነኝ የጣልኳት።»

«እሱንማ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትነግረን አልነበር እንዴ?» አለችው። ተንኮል የላትም፤ እውነት ነው፣ ሲነግራቸው ነበር።

ስልጠናው ባለቀ ማግስት የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ቢሮ አንኳኳ። ኃላፊው የራሱ የድሮ ተማሪ ነው። የለም ጥሩ ሁለቱን የፈተና ወረቀትና የእነዚያን ሁለት ዓመታት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለትና ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ነገረው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የልጅቷ ውጤት እንዲስተካከልና ተመልሳ ያቺን አንድ ሴሚስተሯን እንድትጨርስ።

ኃላፊው እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣

«ጋሼ፣ የመምህር ስህተት የሚባል ቅጽ አለ» አለ።

«እኮ! ስጠኝ።»

«ፈተናው በታረመ በአንድ ወር ውስጥ ነው የሚሞላው። ይሄ ስምንት ዓመቱ ነው። ፋይሏም ተዘግቷል፣ ሥርዓተ ትምህርቱም ሁለቴ ተቀይሯል። ልግባ ብትል እንደ አዲስ ከአንደኛ ዓመት ነው።»

«ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ።»

«እሱን ደብዳቤ ከጻፉማ ሃያ አራት ዓመት የወደቀ ሁሉ ሰልፍ ይዞ ይመጣብናል! እባክዎ ጋሼ፣ እግርዎ ስር ልውደቅ፣ እንዳይጽፉት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እኮ ያቺን ምዕራፍ ከእርስዎ አልተማርኳትም።»

«ታዲያ እንዴት አለፍክ?»

«አጎቴ ቀያሽ ነበር። ሜዳ ይዞኝ እየወጣ አስተማረኝ።»

የለም ጥሩ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ እጀታው በየት በኩል እንደሚዞር ጠፋው።

ልጅቷ ጋ የሄደው በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ተማሪ በማይበዛበት ሰዓት ነው። ጥራዝ እየበሳች ነበር። ቀና ብላ አየችውና የምትወዛወዘውን ወንበር አቀረበችለት።

«ጋሼ! በሰላም ነው? ኮፒ ነው?»

«ኮፒ አይደለም የኔ ልጅ። ስሚኝ።» አልተቀመጠም። ቆሞ ነገራት። ሰንጠረዡን፣ መዝገቡን፣ ባዶውን ቁጥር አምስት፣ ኃላፊው ያለውን። እሷ መብሻውን እየተጫነች፣ ወረቀቱን እያገላበጠች ሰማችው። እጇ አልቆመም። ሲጨርስ እሷም የመጨረሻውን ሽቦ አስገብታ ጨረሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

ከጠረጴዛው ስር አንድ የተተወ ሃንድአውት አወጣች። «ይሄ ተማሪ ረስቶት የሄደ ነው። ይዩት። ምዕራፍ አንድ፣ ዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል፣ የነገሯቸው ቀልድ ሳይቀር አለ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ተሰምሮበታል፣ ተከቦበታል። ስድስትን ይግለጡ። ያው ከማሽኔ እንደወጣ ነው፤ ነጭ። ስምንት ዓመት ለሌላ ሰው ኮፒ ሊያስደርጉ የሚያመጡትን ሳገላብጥ፣ ምዕራፍ ስድስት ላይ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ያረፈበት ደብተር አላየሁም።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

ይሄን ጊዜ ነው እጇ የቆመው።

«መጥቼ ነበር እኮ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ቢሮዎ የመጣሁ ቀን። ያቀፍኩት ደብተር እኮ የኔ ብቻ አልነበረም፤ የስድስት ልጆች ደብተር ነበር። ምዕራፍ ስድስት አልተሰጠንም፣ ይዩልን ብለው እኔን የላኩኝ፣ አጎትሽ ነው፣ አንቺን ይሰማል ብለው ነው። ነጥብ አልፈለግኩም። ‹ጋሼ› ስል ‹እዚህ ቤት ዝምድና አይሰራም› አሉኝ። በሩ አፍንጫዬን ሊመታኝ ትንሽ ነው የቀረው።»

የለም ጥሩ ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ሲወዛወዝ እሱም አብሮ ተወዛወዘ። ያንን በር በአስራ ምናምን ክፍል ፊት ጠርቅሞታል፤ በጠረቀመው ቁጥርም ተደንቆለታል። 

«ምዕራፍ ስድስትን ላስተምርሽ» አለ በመጨረሻ። ሌላ የሚለው ቢያጣ ነው።

ሳቀች። የመረረ ሳቅ አይደለም፤ እንዲያውም የልጅነቷ ሳቅ ነበር። «እሱንማ እኔ ነኝ የማስተምርልዎት! ኮፒ ሳደርገው ሳደርገው፣ አንብቤ አንብቤ ገባኝ። ፈተና ሲደርስ እዚችው ጠረጴዛ ላይ አስረዳቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚያልፈው ተማሪ አልበዛብዎትም?»

በዝቶበታል። ማስተማሬ ሰምሮልኛል ብሎ ለኬሚስቱ ሁሉ አውርቷል።

«ከአንደኛ ዓመት ልጀምር ብዬ አልመለስም» አለች፤ «ሠላሳ ዓመቴ ነው። እሱ አልፏል። ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ።»

«በይ ንገሪኝ። ምንም ይሁን።»

«ስለኔ ክፍል ውስጥ አይንገሩ። በየሴሚስተሩ ከመጀመሪያው ክፍልዎ በኋላ ልጆቹ እዚህ በር ላይ ይሰለፋሉ። ኮፒ የላቸውም፣ እኔን ሊያዩ ነው። ‹ያቺ የወደቅሽው አንቺ ነሽ?› ይሉኛል። አንዱማ ‹እስቲ እንዴት አድርገሽ ለመንሽው?› ብሎኛል። ከደንበኛ አልጣላም፤ ስቄ አሳልፈዋለሁ። ሰልችቶኛል፣ ጋሼ። አይንገሩ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ፣ ገብቶኛል!» አለ፤ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ጀምሮ ነበር እሺ የሚለው። ዓይኑ ደግሞ እንባ አቅርሯል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሲወጣ እየሮጠ ነው የወጣው ለማለት ይቻላል።

እረፍቱን በሙሉ ኮርሱን ሲያፈርስና ሲሰራ ከረመ። የገመድና የሰንሰለቱን ታሪክ ከሦስት ሳምንት ተኩል ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ አወረደው፤ ቀልዶቹን ሲሰርዝ ጥርስ የሚነቀል ያህል አመመው፣ ግን ሰረዘ። ምዕራፍ ስድስትን ከአምስተኛው ሳምንት አስጀመረው። ልጆቹ ከግቢው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ችካል ተክለው፣ ራሳቸው ለክተው፣ ራሳቸው የሳቱትን ክፍተት ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ አቀደ። ጥያቄ አለ ካለ በኋላ በልቡ እስከ አምስት እንዲቆጥር የጠረጴዛው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። ለባለስኒከሯ ቢያሳያት፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ ግሩም ነው» አለችው። ከልቧ ነው ያለችው፣ ግሩምም ነበር።

ሴሚስተሩ ተከፈተ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፍ ያለ ዓመት ተማሪዎች አስቀድመው አውርተውላቸው ኖሮ ልጆቹ ታሪኩን ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ ከአሁኑ ይጎሻሸማሉ። የለም ጥሩ እጁን ወደ ኋላ አላጣመረም። ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ በተሰበረ ድምፅ፣

«ስለ እህቴ ልጅ ሰምታችኋል» አለ። «የሰማችሁት ውሸት ነው። እሷ አልወደቀችም። ያላስተማርኳትን ፈትኜ የጣልኳት እኔ ነኝ። ቢሮዬ የመጣችው ልትለምን አልነበረም፤ ጥፋቴን ልትነግረኝ ነበር። አልሰማኋትም። ዛሬ እዚያ ፊት ለፊት ኮፒ የምታደርግላችሁ ልጅ ከማናችሁም የበለጠች ቀያሽ ትሆን ነበር። በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

 ከፊት የተቀመጠች ልጅ አፍንጫዋን ጠረገች። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። በሃያ አራት ዓመቱ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ስምንት ዓመት ተሸክሞት የኖረው ድንጋይ ከጀርባው ላይ የወረደለት መሰለው። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቀለል ብሎት፣ ደስታውን ሊያካፍላት በቀጥታ ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ ሄደ።

ቀድመውታል። በሩ ላይ ሰባት ስምንት ልጆች ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም ወረቀት አልያዙም። ከፊት ያለችው ያቺ አፍንጫዋን የጠረገችው ልጅ ናት።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ አይደል?» ትላለች፣ ጠረጴዛውን አቅፋ። «መምህሩ እኮ አስለቀሱን! እንዴት እንዳሳዘንሽን! እንደዚያ ተደርገሽ እዚህ ቁጭ ብለሽ... እኔ ብሆን አብድ ነበር። እንዴት ቻልሽው?»

«ፎቶ አብረን እንነሳ?» ይላል ሌላው።

ልጅቷ በጭንቅላታቸው ላይ አሻግራ በሩ ላይ የቆመውን አጎቷን እያየች ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ነበር የመጣው፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጋሼ» አለች።

«ነገርኳቸው» አለ፤ «እውነቱን ነገርኳቸው የኔ ልጅ። ሁሉንም አስተካክዬ...»

«አይንገሩ ነው እኮ ያልኩዎት» አለች። አልጮኸችም። «አስተካክለው ይንገሩ አላልኩም።»

ልጆቹ ዞረው አዩት። እሱ ኮቱን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘው።

«እኔማ ይቅርታ...»

«ይቅርታውን እዚህ መጥተው ያኔ ጠይቀውኛል። በቅቶኝ ነበር። በፊት ‹የወደቅሽው አንቺ ነሽ› ይሉኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሊያዝኑልኝ ተሰለፉ። በፊተኛው እንኳ ስቄ አልፋለሁ።»

ከፀጉር ቤቱ ደጅ ላይ የቆሙት ሁለት ሴቶች ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። የለም ጥሩ አያቸው። የሚለው ነበረው፤ ግን እንደገና በሰው ፊት ሊሆን ነው።

እሷ ፊቷን ወደ ልጆቹ መለሰች። በጥቁር ጣቷ ጠረጴዛውን አንዴ መታ አድርጋ፣

«ኮፒ ያለው ይምጣ» አለች፤ «የሌለው በሩን አይዝጋብኝ።»

ልጆቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። እሱም መሀላቸው ገብቶ ሄደ።